ከ«አንዳንድ ቦታ» እስከ ታችኛው ሰፈር፦ የእትዬ ካፊያ የሕይወት ታሪክ

እትዬ ካፊያ ከጣራ ሠሪው አባታቸውና የሆቴል አንሶላ በማጠብ ቤተሰብ ካስተዳደሩት እናታቸው፣ ከድልድዩ በላይ ባለው ዳገት ላይ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ መጋቢት 11 ቀን 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። በመታወቂያቸው ላይ የሰፈረ ሌላ ስም አላቸው። ያንን ስም ግን ከጡረታ ቢሮውና ከሐኪማቸው በቀር የሚጠራው ስለሌለ፣ ቤተሰቡ ተመካክሮ ሕዝቡ ባወጣላቸው ስም ሊሸኛቸው ወስኗል። እሳቸውም ስልክ ሲያነሱ «ካፊያ ነኝ፣ ማን ልበል?» ነበር የሚሉት።

ይህን ታሪክ ያዘጋጀችው ታናሽ እህታቸው ናት። ዕድሜዋን በሙሉ ስትሰፋ የኖረች እንጂ ስትጽፍ የኖረች ስላልሆነች፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ስፌቱ ሳሳ ብሎ ቢገኝ ለቀስተኛው እንዲታገሣት ትለምናለች። እህቷን ከማመስገን ግን የሚከለክላት የለም። መሳቅ ካማራትም ትስቃለች፤ ሟችም ቢሆኑ ደረቅ ሐዘን አይወዱም ነበር።

በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ ሟች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ወደ ሰማይ ያንጋጥጡ ነበር ብሎ መጻፍ ይቀናል። እትዬ ካፊያ አያንጋጥጡም ነበር። የሚወዱት እንቅልፍ ነበር። በዝናብ ጊዜ አባታቸው ጣራ ላይ ወጥተው «የት ጋ ነው የሚያንጠባጥበው?» እያሉ ሲጣሩ፣ ከታች ሆና «እዚህ ጋ! እዚህም ጋ!» እያለች የምትጮኸው ታናሽየዋ ነበረች፤ ታላቅየዋ በእናታቸው የአንሶላ ክምር ላይ ተጋድመው ያንኮራፉ ነበር። ይህን የምንጽፈው እውነት ስለሆነ ነው፤ እሳቸውም የተጋነነ ነገር ሲነገርላቸው ፊታቸውን ያጨማድዱ ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ተከታትለው በ1964 ዓ.ም. አጠናቀቁ። በሒሳብ ጎበዝ ነበሩ፤ በእጅ ሥራ ግን የታናሽ እህታቸው መርፌ ባይደርስላቸው ኖሮ ክፍል ደጋሚ መሆናቸው አይቀርም ነበር። ምኞታቸው ፋርማሲስት መሆን ነበር። በዚያ ዓመት ክፍት ቦታ የተገኘው ግን በአየር ጠባይ ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ብቻ ስለነበረ፣ «ከመቀመጥ ይሻላል» ብለው ገቡ። ከመቀመጥ ይሻላል ብለው የገቡበት ሥራ ዕድሜ ልካቸውን ያዛቸው። በ1966 ዓ.ም. ተመርቀው በዚሁ ከተማ፣ ከውሃ ማጠራቀሚያው ጀርባ ባለው ጉብታ ላይ በሚገኘው የአየር ጠባይ ጣቢያ ተቀጠሩ።

ጣቢያው አንዲት ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስልክና በግቢው ሣር ላይ የቆመ ነጭ የቴርሞሜትር ሳጥን ነበር። እትዬ ካፊያ በየማለዳው የዝናብ መለኪያውን አንብበው ቁጥሩን ለዋናው መሥሪያ ቤት በስልክ ያሳውቃሉ። ዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ ከየአቅጣጫው የደረሰውን ቁጥር አገላብጦ ለሰፊው አካባቢ በሙሉ አንድ ትንበያ ያወጣል። ያ ትንበያ በልግ በገባ ቁጥር በሬዲዮ ሲነበብ የሚለው ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «በአንዳንድ ቦታዎች መጠነኛ ዝናብ ይጠበቃል።»

በአንድ የበልግ ጠዋት እናታቸው የታጠበ አንሶላ ታቅፈው ገመዱ ሥር እንደቆሙ ይህን ሰሙ። ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «እስቲ አንቺ እዚያ አይደል የምትሠሪው፣ ንገሪኝ። ይሄ አንዳንድ ቦታ የሚሉት ሰፈር የት ነው? እኛ አለንበት ወይስ የለንበትም?» አሏቸው። እናታቸው መልስ እስኪመጣ አልጠበቁም፤ አንሶላውን አሰጡት፣ ዘነበበት። ማታ እናትና ልጅ ያንኑ አንሶላ ደግመው አጠቡ።

በ1970 ዓ.ም. ከከተማ አውቶቡስ ሹፌር ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። በ1975 ዓ.ም. ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው በትንበያ ባለሙያነት ወደዚያው ጣቢያ ተመለሱ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሐሳባቸው ሁሉ የእናታቸው ጥያቄ ነበር። የበልግ ዝናብ ከተማውን በእኩል አያጠጣም። ዳገቱ ርሶ ሲጨቀይ ከድልድዩ ወዲያ አቧራ ይነሣል፤ ገበያው ላይ ዶፍ ሲወርድ አውቶቡስ ተራው ፀሐይ ይሞቃል። እትዬ ካፊያ ይህን ለመለየት የውሃ ማጠራቀሚያውን ዘበኛ፣ የአውቶቡስ ተራውን ትኬት ቆራጭና የትምህርት ቤቱን አትክልተኛ በየጠዋቱ በስልክ እየጠየቁ፣ መልሳቸውን ከመሣሪያው ንባብና ከዋናው መሥሪያ ቤት ካርታ ጋር ያስተያዩ ነበር። ከብዙ ደጅ መጥናት በኋላ በ1981 ዓ.ም. የከተማው ሬዲዮ በልግ በልግ ላይ ጠዋት ጠዋት ጥቂት ደቂቃ ፈቀደላቸው። ሰፈር በሰፈር የሚነገር ትንበያ በከተማችን የተጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ስማቸውም የመጣው ከዚያው ነው። መጀመሪያ ላይ መሳሳትን ክፉኛ ይፈሩ ስለነበር እያንዳንዱን ትንበያ «ሆኖም ካፊያ አይጠፋም» ብለው ይዘጉት ነበር። ፀሐይ ነው ካሉም ካፊያ አይጠፋም፤ ዶፍ ነው ካሉም ካፊያ አይጠፋም። የዳቦ ቤቱ ባለቤት አንድ ቀን ከሩቅ ሲያዩዋቸው «እትዬ ካፊያ መጡ፣ ዳቦውን ሸፍኑ!» ብለው ጮኹ። ያን ዕለት ተቀየሙ፤ በሳምንቱ ግን ራሳቸው ማይክሮፎኑ ላይ ተናገሩት። ስሙም ተጣብቆ ቀረ።

ባለቤታቸው ጥንቁቅ ሰው ናቸው። በጋ ክረምት ሳይሉ ከመቀመጫቸው ጀርባ ጃንጥላ ይሰቅሉ ነበር። ሚስታቸው ሬዲዮ ላይ መናገር ከጀመሩ በኋላ ግን ይህ ጃንጥላ ጣጣ አመጣ። ተሳፋሪው ቤቱ ትንበያውን ሰምቶ ይወጣና አውቶቡስ ውስጥ ጃንጥላውን ሲያይ፣ «ለእኛ ደረቅ ነው ብላ ለባሏ ጃንጥላ አስይዛዋለች!» ይላል። ከተማው ከትንበያው ይልቅ ጃንጥላውን ማመን ጀመረ። በመጨረሻ እትዬ ካፊያ ባለቤታቸውን ለምነው፣ ደረቅ ባሉበት ቀን ጃንጥላው ቤት እንዲቀር አስደረጉ። ብዙም ሳይቆይ ደረቅ ባሉት ቀን ዝናቡ በባልዲ የሚገለበጥ ያህል ወረደ። ባለቤታቸው በእግራቸው ቤት ገብተው፣ ኮታቸውን በር ላይ ጨምቀው፣ «ሻይ አለ?» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላሉም። እትዬ ካፊያ ስለዚያ ዝምታ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲያመሰግኗቸው ኖረዋል።

ከሁሉ የከበደው ስህተት የደረሰው በ1983 ዓ.ም. በልግ ነው። በታችኛው ሰፈር፣ ከወንዙ አጠገብ፣ ጡብ እየሠሩ የሚተዳደሩ ብዙ ቤተሰቦች ይኖራሉ። ጥሬ ጡብ እሳት ከማየቱ በፊት ሜዳ ላይ ተሰጥቶ መድረቅ አለበት፤ በዚያ መሐል ዝናብ ካገኘው ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። እትዬ ካፊያ «ታችኛው ሰፈር እስከ ማታ ደረቅ ነው» ብለው ነበርና ጡብ ሠሪዎቹ የወሩን ሥራ አሰጡት። ገና ምሳ ሳይደርስ ዘነበ። የዚያን ወር ልፋት ዓይናቸው እያየ ወደ ወንዙ ፈሰሰ።

እስከዚያ ድረስ ትንበያ ሲሳሳት ልማዱ የማግስቱን ትንበያ አንብቦ ማለፍ ነበር። እትዬ ካፊያ ግን በማግስቱ ጠዋት ሬዲዮው ላይ፣ «ትናንት ለታችኛው ሰፈር ደረቅ ነው ብዬ ነበር። ዘንቧል። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብለው ጀመሩ። ከስቱዲዮ ወጥተውም በቀጥታ ወደ ጡብ ሜዳው ወረዱ። የጡብ ሠሪዎቹ አለቃ ጭቃ ውስጥ ቆመው ሲያዩዋቸው መጀመሪያ የተናገሩት የሚጻፍ አይደለም። ቀጥሎ የተናገሩት ግን ይጻፋል፦ «ሲሳሳት መጥቶ ፊቴ የቆመ ሰው እስከ ዛሬ አይቼ አላውቅም። እንግዲህ ከመጡ አካፋ ያንሱ።» እትዬ ካፊያ በሥራ ልብሳቸው እስከ ቀትር ጭቃ ሲዝቁ ዋሉ። ያን ቀሚስ ለማዳን የሞከረችው ታናሽ እህታቸው ናት፤ አልዳነም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ትንበያቸው የሚጀምረው ትናንት ያሉትንና የሆነውን በመናገር ሆነ። የተሳካውን «ሆኗል»፣ ያልተሳካውን «አልሆነም» ይላሉ፤ ከዚያ ወደ ዛሬው ያልፋሉ። የሬዲዮ ጣቢያው ኃላፊ ይህን አልወደዱትም። «ሰው ስህተታችንን ሲረሳልን እኛ ምን አስታዋሽ አደረገን?» ይሉ ነበር። እትዬ ካፊያ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። «ደረቅ ነው»፣ «ይዘንባል» ከማለት ይልቅ «ምናልባት» ማለትን አበዙ፤ ያንን «ምናልባት» ደግሞ በቃላቸው ብቻ ሳይሆን በድምፃቸው ጭምር ይለኩት ነበር። ሰሚው ውሎ አድሮ የጠነከረውን ምናልባት ከላላው ምናልባት መለየት ቻለ።

አሁን ወደ ወንዙ እንመጣለን። ወንዙ ከሩቅ ተራራ ነው የሚነሣው። ተራራው ላይ የዘነበ ውሃ ከተማችን የሚደርሰው በማግስቱ ስለሆነ፣ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ እየወጣ ሳለ ወንዙ ከአፉ ሊወጣ ይችላል። እትዬ ካፊያን እንቅልፍ የነሣቸው ይኸው ነበር፤ በጠራራ ፀሐይ ውሃ ይመጣል ብሎ ማን ያምናል? በ1989 ዓ.ም. በልግ ተራራው ላይ ብዙ መዝነቡ በስልክ ሲነገራቸው፣ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ ጣቢያ ድረስ ሄደው እንዲህ አሉ፦

«የታችኛው ሰፈር ሰዎች፣ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ወንዙ ምናልባት ሊወጣ ይችላል። እውነቱን ለመናገር የማይወጣ ይመስለኛል። ከወጣ ግን በር ለመክፈት እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ዛሬ ዳገቱ ላይ እደሩ፣ ነገም ቀትር ሳያልፍ አትውረዱ። ዳገቱ ላይ ያላችሁ ደግሞ በር ክፈቱላቸው። ካልመጣ ነገ መጥታችሁ ሳቁብኝ።»

ሰዉ ፍራሹን ተሸክሞ፣ ልጁን አዝሎ ዳገቱን ወጣ። ወንዙ አልመጣም። በማግስቱ ከቀትር በኋላ የጡብ ሠሪዎቹ አለቃ ፍራሻቸውን በራሳቸው ላይ እንዳደረጉ በእትዬ ካፊያ በር ላይ ቆመው፣ «እትዬ፣ ልስቅ ነው የመጣሁት» አሉ፤ ሳቁም። ከኋላቸው የነበረው ሁሉ ሳቀ። እትዬ ካፊያም አብረው ሲስቁ ቆይተው «ስለወጣችሁ አመሰግናለሁ» አሏቸው።

የሬዲዮ ጣቢያው ኃላፊ ግን አልሳቁም። ሕዝብ በከንቱ አስደንግጠዋል በማለት የሰፈር ትንበያውን አቋረጡት፤ በቦታውም ያ «አንዳንድ ቦታ» ተመልሶ መጣ። እትዬ ካፊያ ቅስማቸው ተሰበረ። በሥራቸው ዘመን ሁሉ ሥራ ለመልቀቅ ያሰቡት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ግን ለኃላፊው ቢሯቸው ድረስ እንግዳ መጣባቸው። የመጡት ፍራሽ ተሸክመው በከንቱ ዳገት የወጡት ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። አለቃው ኮፍያቸውን አውልቀው እንዲህ አሉ፦ «ጌታዬ፣ ፍራሽ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ወገቤን ያመመኝ እኔ ነኝ። የተቆጡት እርስዎ! ይሄ ምን የሚሉት ነው? እሷ ምናልባት ነው ያለችን፤ ምናልባቱን ሰምተን በገዛ እግራችን ወጣን። አሁንም ምናልባታችንን መልሱልን።» ኃላፊው ብዙ ተከራከሩ። እንግዶቹ ግን ከአግዳሚ ወንበሩ ላይ ንቅንቅ አላሉም፤ መልስ እስኪያገኙ በየቀኑ መጥተው እዚያው ይቀመጡ ነበር። ትንበያው ተመለሰ። የእትዬ ካፊያ ቤተሰብ ለእነዚያ ሰዎች ያለው ምስጋና በወረቀት የሚያልቅ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ባሉት በልጎች፣ አንዳንዱ ዓመት ላይ አንድ ጊዜ፣ አንዳንዱ ላይ ደጋግሞ፣ ሰዉ «ምናልባት» በተባለ ቁጥር ዳገቱን ወጥቷል። ወንዙ ግን አንድም ጊዜ አልመጣም። ይህን ታሪክ የምታዘጋጀው ታናሽ እህት ሳሎን ብዙ አይቷል። ዶሮ ይዘው የመጡ አሉ። በስፌት መኪናዋ ላይ ሕፃን ያስተኙ አሉ። በማንኮራፋት ከሟች የማይተናነሱ አንድ ሽማግሌ ሦስት በልግ ሙሉ ከአልጋዋ ሥር ያለውን ምንጣፍ ይዘውባታል። መጀመሪያ ላይ አጉረምርማለች፤ አይደበቅም። ኋላ ግን ከእነዚሁ ፍራሾች ጋር የመጣ አንድ ጸጥተኛ የጡብ ሠሪ ልጅ ሴት ልጇን ወደዳት፣ ልጅቱም ወደደችው፤ በ1998 ዓ.ም. ተጋቡ። እንዲህ ባለ መንገድ የተገናኘ ቤተሰብ በዳገቱ ላይ የእሷ ብቻ አይደለም። ላይኛው ሰፈርና ታችኛው ሰፈር ባልመጣ ውሃ ተዛመዱ።

እትዬ ካፊያ በ2005 ዓ.ም. በጡረታ ከመሥሪያ ቤታቸው ተሰናበቱ። ትንበያውን ግን አልተዉትም፤ ከሳቸው በኋላ የተተካችውን ባለሙያ እያሠለጠኑ እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ሬዲዮው ላይ ቀጥለዋል። ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። ሴቷ ነርስ ናት፣ ወንዱ ኤሌክትሪሻን ነው። የልጅ ልጆቻቸው የፀጉር አሠራር ላይ የሚሰጡት አስተያየት እንደ ትንበያቸው ጥንቃቄ የተሞላበት አልነበረም፤ እዚያ ላይ ምናልባት የሚባል ቃል አያውቁም ነበር።

አንድ ጭንቀት ግን አልተዋቸውም። በ2013 ዓ.ም. የልብ ድካም ታይቶባቸው አልጋና ወንበር መፈራረቅ ሲጀምሩ፣ ደጋግመው ለታናሽ እህታቸው ያነሡት የነበረው እሱን ነው። «ይሄን ሁሉ ዘመን ሰው አስወጣሁ፣ ምንም አልመጣም። እኔን አፍረው ነው የሚወጡት። እኔ ስሞት ማን ይወጣል? አንድ ቀን ይሰለቻቸውና እቤታቸው ይቀራሉ፤ ያን ቀን ይመጣል።» ሞትን አልፈሩም፤ የፈሩት ይህንን ነው።

በዚህ ዓመት፣ በ2016 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ ወር መጀመሪያ ላይ ዝናቡ ተራራው ላይ እንደገና በረታ። ተተኪያቸው ወደ ሬዲዮ ጣቢያ ከመሄዷ በፊት አልጋቸው አጠገብ መጥታ ተቀመጠች። «እትዬ፣ ባለፈው ዓመት ሁለቴ አስወጥተናቸው ምንም አልሆነም። ዘንድሮም ምናልባት ነው እንጂ እርግጠኛ አይደለሁም። ሰዉ ደክሟል። ምን ልበላቸው?» አለቻቸው። እትዬ ካፊያ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ «ምናልባቱን ነዋ፣ ልጄ። አታሳድጊው፣ አታሳንሺው። መወሰን የነሱ ነው፤ ያንቺ አለመደበቅ ነው። ቀትር ሳያልፍ አትውረዱ ማለቱን እንዳትረሺ» አሏት። ልጅቱ ሄዳ እንደተባለችው ተናገረች።

ሰዉ ወጣ። እያጉረመረመ ወጣ፤ ግን ወጣ። በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ኩል የመሰለ ሆኖ ነጋ፤ አንዲት ደመና የለችም። ወጣቶቹ ፍራሽ መጠቅለል ጀመሩ፤ ሥራ አለብን፣ ጡባችን ፀሐይ እያለለት ተሸፍኖ ቀረ አሉ። የጡብ ሠሪዎቹ አለቃ ዛሬ ከዘራ የሚይዙ አዛውንት ናቸው። ከታናሽ እህትየው ሳሎን አንድ ወንበር አንሥተው፣ ቁልቁለቱ አፍ ላይ መንገዱ መሐል አስቀምጠው ተቀመጡበት። «ቀትር ሳያልፍ መውረድ የሚፈልግ እኔን ተሸክሞ ይውረድ» አሉ። ተሳቀ፣ ተቀለደ፣ አንዳንዱም ተቆጣ። ማንም ግን አልወረደም። ረፋድ ላይ፣ በዚያ ጥርት ባለ ፀሐይ፣ ወንዙ መጣ።

የታችኛው ሰፈር ቤቶች አብዛኞቹ ሄደዋል። የጡብ ሜዳው፣ የተሸፈነው ጡብ፣ ምድጃው፣ ከድልድዩ ሥር ያለው ሱቅ ሁሉ ሄዷል። ከዳገቱ ላይ ሆነን አየነው። ድምፁ እስከ እትዬ ካፊያ አልጋ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ምን እንደሆነ ጠየቁን።

የነገሯቸው አለቃው ናቸው። ከዘራቸውን በር ላይ አስደግፈው ገብተው፣ «እትዬ፣ መጣ» አሉ።

«ማን ቀረ?»

«ማንም።»

«አጣርታችኋል?»

«ቤት ለቤት፣ ሰው በሰው። የመጨረሻው ቤት አሮጊት እንኳ ድመታቸውን ይዘው ወጥተዋል።»

«ቤታችሁስ?»

«ቤቱ ሄደ። ቤት ማለት ጡብ ነው፤ ጡብ ደግሞ እኛው ነን የምንሠራው።»

እትዬ ካፊያ አንሶላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። እናታቸው ሲሞቱ ያላለቀሱትን ያህል አለቀሱ፤ አለቃውም አብረዋቸው አለቀሱ። ሲረጋጉ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ስለወጣችሁ አመሰግናለሁ» አሉ። አለቃው ያቺን እጅ ይዘው ብዙ ቆዩ። ታናሽ እህታቸው በዚህ ዓለም ካየቻቸው ነገሮች ሁሉ ይህን ስላየች ፈጣሪዋን ታመሰግናለች።

በማግስቱ ጠዋት ሬዲዮው አጠገባቸው ነበር። ተተኪያቸው፣ «ከትናንት በስቲያ ወንዙ ምናልባት ሊወጣ ይችላል ብለን ነበር። ወጥቷል» ብላ ጀመረች፤ ከዚያም ወደ ዕለቱ ትንበያ አለፈች። እትዬ ካፊያ እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ ለአውቶቡስ ተራው የተነገረው ነፋስ ትንሽ በዝቷል ብለው አስተያየት ሰጡ። ከዚያ በኋላ ያን ጭንቀታቸውን አንድም ጊዜ አላነሡትም። የበሉትም፣ የተኙትም፣ የቀለዱትም ከዓመታት ወዲህ በተሻለ ሁኔታ በእነዚያ ቀናት ነው። ሚያዝያ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ በእንቅልፋቸው አረፉ። እንቅልፍ ይወዱ እንደነበር ከላይ ጽፈናል፤ የተመኙትን አገኙ።

በሕመማቸው ጊዜ ሳይሰለቹ ለረዷቸው ሐኪሞችና ነርሶች፣ አልጋቸውን ላነጠፉ፣ ምግባቸውን ላቀረቡ፣ ሲተነፍሱ አብረው ላዳመጡ ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ለእናታቸው የአንሶላ ጥያቄ፣ ለባለቤታቸው ዝምታ፣ ያንን አግዳሚ ወንበር ይዘው ላለመነሣት ለጸኑትም ምስጋናችን ይድረስ። እኔም፣ በሦስተኛ ሰው መጻፉ እዚህ ላይ ቢያቅተኝ ይቅርታ፣ እህቴ ስለነበርሽ አመሰግንሻለሁ።

ከእትዬ ካፊያ በኋላ በሕይወት ያሉት ባለቤታቸው፣ ሴት ልጃቸውና ወንድ ልጃቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸው፣ ታናሽ እህታቸውና ልጇ ከነባለቤቷ፣ እንዲሁም የታችኛው ሰፈር ነዋሪዎች በሙሉ ናቸው። ማተሚያ ቤቱ ይህን የመጨረሻውን ሐረግ ሲያይ፣ እዚህ ላይ የሚጻፈው ዘመድ ብቻ ነው ብሎ ሊሰርዘው ነበር። ቤተሰቡ አይሰረዝም ብሏል። ነዋሪዎቹ ዛሬ በተዋሱት ልብስና በተዋሱት ጫማ በዚህ ስፍራ ቆመዋል፤ ልብሱን ያጠበበችውና ያሳጠረችው ይህን የጻፈችው ናት፣ ስለዚህ እያንዳንዳቸውን በልካቸው ታውቃቸዋለች። በክንድ የታቀፉትም፣ በከዘራ የሚሄዱትም፣ ሁሉም አሉ። የጎደለ የለም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በእጁ ተቀብሎ በሰላም ያኑርልን።